ልጆች የጥርስ ሐኪምን ስለ ምን ይፈራሉ?
ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ትምህርት

ሰው ምግቡን የሚያላምጠው፣ ቃሉን አጥርቶ የሚናገረው፣ ደስታውንም በፈገግታ የሚገልጸው በጥርሱ ነው። ስለዚህ የጥርስን ንጽሕና መጠበቅ እንደሚገባ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው ሲነገር ቆይቷል። ዛሬ የምናቀርበው ትምህርት ግን እምብዛም የማይነገርለት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሕፃናት ጥርሳቸውን ሊታከሙ ሲቀርቡ የሚይዛቸው ፍርሃትና ጭንቀት ነው።

ብዙ ሰዎች፣ «ልጅ ነውና ያለቅሳል፤ ካለቀሰም በኋላ ይረሳዋል» ብለው ነገሩን ያልፉታል። ነገር ግን በፍርሃት የታከመ ልጅ አይረሳውም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ በልጅነቱ በግድ ተይዞ ጥርሱን የተነቀለ ሰው ካደገ በኋላ የሕክምናውን ክፍል ሽታ ብቻ አሽትቶ ይመለሳል። ሐኪም ባለበት ከተማ እየኖረ፣ ገንዘብም ሳያጣ፣ ጥርሶቹ አንድ በአንድ እስኪያልቁ ድረስ ሕመሙን ተሸክሞ ይኖራል። የራሱን ልጆችም ይህንኑ ፍርሃት ያወርሳቸዋል።

የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ልጅ ሕመምንና የማያውቀውን ነገር መፍራቱ የተፈጥሮ ነው፤ የጥርስ ሐኪምን መፍራቱ ግን በአብዛኛው ከእኛ ከታላላቆቹ የሚማረው ነው። እኛ ያስተማርነውንም እኛው ልናስተወው እንችላለን።

1ኛ/ የጥርስ ሕመም በልጆች ዘንድ ያለው ስፋት

የሕፃን የወተት ጥርስ በቍጥር 20 ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ገደማ ይበቅላል፤ ሁሉም ተሟልቶ የሚታየው ሕፃኑ ወደ 3 ዓመት ሲቃረብ ነው። ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎች በስተኋላ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ይህ መንጋጋ ሌላ ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚበቅል ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸውና «ነገ ይወልቃል» ብለው ችላ ይሉታል። እርሱ ግን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ቋሚ ጥርስ ነው፤ ቢነቀል የሚተካው የለም።

ጥርስ የሚቦረቦረው በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ከስኳርና ከጣፋጭ ምግብ አሲድ እየሠሩ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ስለሚያሟሙት ነው። ጥርስን የሚበላ ትል የለም። የእምቧይ ፍሬ ጢስ ቢታጠኑበት ትሉ ይወጣል የሚባለውም ልማድ የተቦረቦረውን ጥርስ አይደፍነውም፤ ሕክምናውን ግን ያዘገየዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረባቸው ሕፃናት በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን አስታውቋል። በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 14 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ደግሞ ከመቶው በ36ቱ ያህል የተቦረቦረ ጥርስ እንደ ተገኘ ያመለክታል። ይህን ሒሳብ ወደ ክፍል ብናመጣው፣ 50 ተማሪዎችን በሚያስተምር መምህር ፊት ጥርሳቸው የተነካ 18 ያህል ልጆች ተቀምጠዋል ማለት ነው። ከእነርሱም መካከል ሌሊት በሕመም ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ትምህርቱን ለማዳመጥ ያቃተው ይኖራል። መምህሩ ግን ልጁ ሰነፍ ወይም እንቅልፋም ይመስለዋል።

2ኛ/ ፍርሃቱ ከወዴት ይመጣል?

አንደኛው ምንጭ ማስፈራራት ነው። ልጅ ሲያስቸግር፣ «ዝም በል! አለዚያ ለሐኪሙ ነግሬ መርፌ አስወጋሃለሁ» የሚል ቃል በየቤቱ ይሰማል። ይህን የሚናገረው ወላጅ ልጁን ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል። ልጁ ግን ሐኪም ማለት ጥፋተኛን የሚቀጣ ሰው ነው፣ መርፌም የቅጣት መሣሪያ ነው ብሎ በልቡ ይይዛል። አንድ ቀን ጥርሱን አሞት ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድ፣ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ቢጨነቅ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሁለተኛው ምንጭ ማታለል ነው። «ገበያ እንሄዳለን» ብለው ከቤት አስነሥተው ሐኪም ቤት የሚያደርሱ ወላጆች አሉ። «ምንም አያምህም፤ ዝም ብሎ ያይሃል» ብለው ያስቀመጡትም ልጅ ወዲያው መርፌ ይወጋል። መርፌው ያሳመመው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ መታለሉ ግን ከዚያ የረዘመ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እናቱ እውነት ብትነግረውም አያምናትም።

ሦስተኛው ምንጭ መዘግየት ነው። ልጁ ከጥርስ ሐኪም ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው ጕንጩ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘውና ሌሊቱን ሳይተኛ ካደረ በኋላ ነው። በደጋው አገር ደግሞ መንገዱ ይጨመርበታል። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ የተነሣ ልጅ እስከ ደባርቅ ይመጣና፣ ከዚያም ሕመሙ የከፋ ከሆነ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ ጎንደር ይወሰዳል። እንግዲህ ይህ ልጅ ከሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ደክሞት፣ ርቦትና እንቅልፍ አጥቶ ነው። ያን ቀን ያየውን ሁሉ ከሕመም ጋር አያይዞ ያስታውሰዋል።

አራተኛው ምንጭ የታላላቆች ወሬ ነው። ሰዎች ቡና ላይ ተቀምጠው፣ «ጉጠቱን ሲያስገባ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ደሙ አልቆም አለ» እያሉ ሲጫወቱ ሕፃኑ አጠገባቸው ሆኖ ያዳምጣል። እነርሱ ለጨዋታ ማድመቂያ የጨመሩትን እርሱ እንደ እውነት ይወስደዋል። የእናቱ እጅ በተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ሲንቀጠቀጥ ከተሰማውም፣ ቃል ሳይነገረው አደጋ መኖሩን ይረዳል።

አምስተኛው ምንጭ በአገራችን፣ በተለይም በሰሜኑ ክፍል ለብዙ ዘመን የኖረው ልማድ ነው። ሕፃን ሲያስመልሰው፣ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኵሰው በድዱ ላይ የሚታየውን ነጭ እብጠት «ግግ ነው» ብለው በስለት ያስቧጥጡታል፤ እንጥሉንም ያስቈርጡታል። ያ ነጭ እብጠት ግን በሽታ አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። በመቧጠጡም ደም ይፈስሳል፤ ባልተቀቀለ ስለት መንጋጋ ቈልፍና ሌላ ተላላፊ በሽታ ይገባል፤ ከሥር ያለውም የቋሚ ጥርስ ፍሬ ይበላሻል። ከዚህም በላይ ታላላቆቹ ልጆች ደጃፍ ላይ ቆመው ሕፃን ወንድማቸው እጅና እግሩ ተይዞ አፉ ሲቈረጥ ያያሉ። ስለ አፍ ሕክምና የሚያገኙት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ይሆናል። ስለዚህ ይህን ልማድ መተው ሕፃኑን ከጉዳት፣ ወንድሞቹንና እኅቶቹንም ከፍርሃት ማዳን ነው።

3ኛ/ ፍርሃት በሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ልጅ ሲፈራ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ መዳፉ ያልበዋል፣ ጡንቻዎቹም ይገተራሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ትንሹን ንክኪ እንደ ትልቅ ሕመም ይሰማዋል። ስለዚህ ልጁ «አመመኝ» ሲል፣ «ገና ሳይነካህ ምን ትጮኻለህ?» ብሎ መቈጣት ስሕተት ነው፤ ልጁ አልዋሸም፤ ፍርሃቱ ሕመሙን አብዝቶበታል።

ከመዘግየቱ ጋር የሚያያዝ ሌላም ምክንያት አለ። መግል በቋጠረና በተቈጣ ሥጋ ውስጥ የአሲዱ መጠን ከፍ ስለሚል የማደንዘዣው መድኃኒት በሚገባ አይሠራም። በጊዜ ያልመጣው ልጅ በጊዜ ከመጣው ይልቅ የሚታመመው ለዚህ ነው። እንግዲህ ፍርሃት መዘግየትን ይወልዳል፤ መዘግየት ሕመምን፣ ሕመምም መልሶ ፍርሃትን ይወልዳል። ይህን ክብ ለመስበር ቀላሉ መንገድ ልጁ ሳይታመም በፊት ከሐኪሙ ጋር ማስተዋወቅ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

4ኛ/ ፍርሃት በየዕድሜው

ፍርሃት በሁሉም ዕድሜ አንድ ዐይነት አይደለም። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከሁሉ የበለጠ የሚፈራው ከእናቱ መለየትን ነው። ሐኪሙም ሆነ ወንበሩ ለእርሱ እንግዳ ስለ ሆኑ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ቢታይ ይሻላል።

ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለው ልጅ የሰማውን ቃል እንደ ተነገረው ይቀበላል። «ነርቩን እንገድለዋለን» ቢባል እርሱ የሚሞት ይመስለዋል። «ጥርስህን እንሰረስረዋለን» ቢባል በእንጨት ላይ ያየው የአናጢ መሰርሰሪያ ትዝ ይለዋል። በዚህ ዕድሜ ላሉት የሚነገረው ቃል የተመረጠ መሆን አለበት።

ከ6 እስከ 10 ዓመት ያለው ልጅ ምክንያት ቢነገረው ይገባዋል፤ እንዲያውም ሳይነገረው ሲቀር ይበልጥ ይፈራል። ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ፍርሃታቸውን ያፍሩበታል። በተለይ ወንዶቹ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባሉ ስላደጉ፣ ሕመሙን ደብቀው ምግብ በአንድ በኩል ብቻ እያላመጡ ወራት ያሳልፋሉ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በአገራችን ጨዋ ልጅ በታላቅ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ስለዚህ በሕክምናው ወንበር ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ አልፈራም ማለት አይደለም። እጁን ጨብጦ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እግሩን አገታትሮ ከተቀመጠ፣ ዝምታው ከልቅሶ ይልቅ የከበደ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ቀን በፊት የሚነሣ የሆድ ቁርጠት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና በእንቅልፍ መባነንም የዚሁ ምልክቶች ናቸው።

5ኛ/ የወላጆች ተግባር

ሀ/ ሐኪምን ለቅጣት ማስፈራሪያ ፈጽሞ አታድርጉት። ይህ አንድ ደንብ ብቻውን በየቤቱ ቢጠበቅ ከፍርሃቱ ብዙው ይቀንሳል።

ለ/ እውነቱን በልኩ ንገሩ። ከጊዜው ብዙ ቀን አስቀድሞ መናገር ልጁን ያባንነዋል፤ ሳይነግሩ መውሰድም ማታለል ነው። ለትንሽ ልጅ በዋዜማው ወይም በዚያው ጠዋት ቢነገረው በቂ ነው። ለምሳሌ አንድ የ7 ዓመት ልጅ እናቱን፣ «እማዬ፣ ያመኛል?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «አያምህም» ከማለት ይልቅ እንዲህ ብትመልስለት ይበጃል፦ «መርፌው ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ የኔ ልጅ፤ እስከ አምስት እስክንቈጥር ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ከንፈርህ ይደነዝዛል። እኔም ከአጠገብህ አልለይም።» ይህች እናት ቃሏን ከጠበቀች ልጁ ለሁልጊዜው ያምናታል።

ሐ/ የመጀመሪያውን ጕብኝት ሕመም በሌለበት ቀን አድርጉት። የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ሕፃኑ 1 ዓመት ሲሞላው እንዲታይ ይመክራሉ። በጎንደር ከተማ በዩኒቨርሲቲው ሐኪም ቤት የጥርስ ሕክምና ክፍል አለ። የጥርስ ሐኪም ከሚገኝበት ርቀው የሚኖሩ ወላጆች ደግሞ ልጃቸውን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱ አፉንም እንዲያዩላቸው ባለሙያውን ይጠይቁ። በዚያ ቀን ልጁ አፉን ከፍቶ ከመታየት በቀር ምንም ስለማይደርስበት፣ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ የሚወጋ አለመሆኑን ይማራል።

መ/ ልጁን በጠዋት፣ ተኝቶና ቁርሱን በልቶ ሳለ አምጡት። ሐኪሙ በባዶ ሆድ እንዲመጣ ካዘዘ ግን ትእዛዙን ጠብቁ።

ሠ/ ልጁን «ካላለቀስህ ከረሜላ እገዛልሃለሁ» አትበሉት። ይህ ጥርሱን ያሳመመውን ነገር መልሶ መስጠት ነው፤ ደግሞም ማልቀስን እንደ ጥፋት ይቈጥርበታል። ከተመለሰ በኋላ ያደረገውን መልካም ነገር ጠርቶ ማመስገን ከስጦታ ይበልጣል፦ «አፍህን ከፍተህ ስለ ቆየህ ሐኪሙ ሥራውን ቶሎ ጨረሰ።»

ረ/ ከሁሉም በፊት ጥርሱን ከመበስበስ ጠብቁ። ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ማታ ከመኝታ በፊት ይጽዳ። የሳሙናው መጠን ከ3 ዓመት በታች ላለው የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሆነው ድረስ ወላጅ ሊያግዘው ይገባል። ንጹሕና ለስላሳ የሆነ የወይራ መፋቂያም ጥርስን ለማጽዳት ያገለግላል፤ ነገር ግን ፍሎራይድ ስለሌለው የሳሙናውን ቦታ አይተካም። ሕፃን ጣፋጭ ሻይ ወይም ወተት በጡጦ ይዞ እንዲተኛ አይደረግ።

6ኛ/ የመምህራን ተግባር

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ የተቋቋመ ነው። ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድነት ሲያሠለጥን መሠረታዊ ሐሳቡ፣ በሽተኛው እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ሄዶ በሽታን አስቀድሞ መከላከል የሚል ነበር። ይህ ሐሳብ ለፍርሃትም ይሠራል። ፍርሃትን በሕክምናው ወንበር ላይ ከማባረር ይልቅ በክፍል ውስጥ ገና ሳይበቅል መከላከል ይቀላል፤ ይህንም ለማድረግ ከመምህሩ የበለጠ ዕድል ያለው የለም።

መምህሩ በሳይንስ ወይም በጤና አጠባበቅ ክፍለ ጊዜ አንድ ትንሽ መስተዋት ይዞ ይምጣ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በየተራ የጓደኛቸውን ጥርስ ይቍጠሩ፤ ጣታቸውን ግን ወደ አፍ አያግቡ። ቀጥሎም አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ታካሚ፣ አንዷ እናት ሆነው ይጫወቱ። በጨዋታው አፉን ከፍቶ የቆየ ልጅ በእውነተኛው ቀን ሲቀመጥ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ስለ ዶሮ ወይም ስለ በሬ ጥርስ የሚጠየቅ እንቆቅልሽም ቢጨመር ክፍሉ በሣቅ ይማራል።

ጥርሱን ታክሞ የመጣ ተማሪ ካለ መምህሩ በደኅና ያለፈውን ለጓደኞቹ እንዲነግር ይጋብዘው፤ ካልፈለገ ግን አያስገድደው። ልጅ ከታላቅ ቃል ይልቅ የእኩያውን ምስክርነት ያምናል። በፈሪ ልጅ ላይ ክፍሉ እንዲሥቅ መፍቀድ ግን ፍርሃቱን ከማራቅ ይልቅ እንዲደብቀው ያስተምረዋል።

አንድ ተማሪ ጕንጩን ደግፎ ቢቀመጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ቢሸማቀቅ ወይም ቆሎ መብላት ቢተው፣ መምህሩ ለብቻው ጠርቶ ይጠይቀው፤ ለወላጆቹም ወረቀት ይላክ። ወረቀቱ ወቀሳ ሳይሆን ምክር ይሁን፤ «ልጃችሁ ጥርሱን ሳያመው አይቀርም፤ ሳይብስበት ብታሳዩት መልካም ነው» ማለት ይበቃል።

7ኛ/ በሕክምናው ወንበር ላይ

ወላጆች ሕክምናው ዛሬ እንዴት እንደሚካሄድ ቢያውቁ የራሳቸው ፍርሃት ይቀንሳል። የቀድሞ ሰዎች የሚያስታውሱት ያለ ማደንዘዣ የሚሠራውን ጉጠት ነው። ነገር ግን ሕመምን ለማስታገስ በዓለም ላይ ቀድመው ከተነሡት መካከል የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። አሜሪካዊው ሆሬስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1844 ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን አየር ተንፍሶ የራሱን ጥርስ አስነቀለ። ዊልያም ሞርተን በ1846 ኤተርን በሐኪም ቤት አሳየ። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ሊዶካይን የተባለው ማደንዘዣ በ1943 በስዊድን አገር ተገኘ። በዚህ መድኃኒት ሥፍራው በሚገባ ሲደነዝዝ ልጁ መገፋቱን እንጂ ስለቱን አይሰማም።

ለሕፃናት የሚሆን የአነጋገር ዘዴም አለ። አደልስተን የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 የጻፈው ዘዴ በሦስት ቃል ይጠቃለላል፤ ንገር፣ አሳይ፣ አድርግ። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚያደርገውን በልጁ ቋንቋ ይነግረዋል። ቀጥሎ መሣሪያውን በእጁ ጥፍር ላይ ነክቶ ያሳየዋል። በመጨረሻም ልክ እንደ ነገረውና እንዳሳየው ያደርጋል፤ ከዚያ አይጨምርም። ለምሳሌ፣ «ነይ የኔ ልጅ፤ ይህች ትንሽ መስተዋት ናት፤ መጀመሪያ አንቺ እዪባት፤ አሁን ደግሞ እኔ ጥርስሽን እቈጥርባታለሁ» ይላል። መምህራን ይህን ዘዴ ያውቁታል፤ ፊደል የሚያስቈጥሩበት መንገድ ከዚህ አይርቅም።

እናት በክፍሉ ውስጥ ትቆይ ወይስ ትውጣ የሚለው ጥያቄም ተመርምሯል። ፍራንክልና የሥራ ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት ከመንፈቅ እስከ 4 ዓመት ገደማ የሆኑ ሕፃናት እናታቸው አብራቸው ስትኖር ሕክምናውን በተሻለ ሁኔታ እንደሚቀበሉ ታይቷል። ስለዚህ ለትንንሾቹ እናት ብትቆይ ይጠቅማል። ነገር ግን ከሐኪሙ ጋር እኩል ሆና «ክፈት! ዝም በል!» እያለች አትጩኽ፤ ልጁ የማንን ቃል እንደሚሰማ ይጠፋዋልና። እጁን ይዛ ዝም ብትል ይበቃል።

ሌላው ዘዴ ምልክት ነው። ልጁ ሲያመው እጁን እንዲያነሣ፣ ሐኪሙም ሲያነሣ ወዲያው እንዲያቆም አስቀድመው ይስማማሉ። ተማሪ እጅ ማንሣትን ከክፍል ያውቀዋል። ሥራውን ማስቆም እንደሚችል ያወቀ ልጅ ብዙውን ጊዜ ማስቆም አያስፈልገውም፤ ፍርሃቱ ከሕመሙ ይልቅ ከአቅመ ቢስነት ነበርና።

መሰርሰሪያውን ለሚፈሩ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በታንዛንያ የተስፋፋው ዘዴ የተበላሸውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ ጥርሱን ይሞላል። መብራትም ሆነ የሚጮኽ መሣሪያ ስለማይፈልግ ለገጠርና ለሕፃናት ይስማማል። ይህም ሊሆን የሚችለው ጕድጓዱ ወደ ነርቩ ሳይደርስ ልጁ በጊዜ ሲመጣ ነው።

ከሕክምናው በኋላ ከንፈርና ጕንጭ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ያህል ደንዝዘው ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ልጁ ሳያውቀው ከንፈሩን ነክሶ ሊያቈስል ስለሚችል፣ ድንዛዜው እስኪለቀው ምግብ አይሰጠው፤ እንዳያኝከውም ይጠበቅ።

8ኛ/ ፍርሃትን መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ

ልጁን ማረጋጋት መልካም ቢሆንም ቀጠሮ የማይሰጥ ሕመም አለ። የፊት ወይም የአንገት እብጠት ከትኩሳት ጋር ከታየ፣ እብጠቱ ወደ ዐይን ወይም ወደ አገጭ ሥር ከሄደ፣ ልጁ አፉን መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከተቸገረ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ከጥርስ የተነሣ መግል ወደ አንገት ወርዶ የትንፋሽን መንገድ ሲዘጋ ሕይወት ያጠፋል። እስኪደርስ ድረስ ፓራሲታሞል በዕድሜውና በክብደቱ ልክ ሊሰጠው ይችላል። አስፕሪን ግን ለሕፃን አይሰጥ፤ በድዱም ላይ አይደረግ። አረቄ ማስያዝ፣ በጋለ ብረት መተኰስና እብጠቱን በምላጭ መብጣት አደጋን ይጨምራል።

በእንዲህ ያለ ቀን እንኳ ለልጁ እውነቱን መንገር ይቻላል። «ፈርተሃል፤ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዛሬ መታከም አለብህ፤ አብሬህ ነኝ» የሚል አጭር ቃል አራት ሰው ሆኖ ከመያዝ የበለጠ ይረዳዋል።

ማጠቃለያ

ክቡራን መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ ፍርሃትን ከልጅ ልብ ለማውጣት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሐኪምን ማስፈራሪያ አለማድረግ፣ እውነትን በልኩ መናገር፣ ሕመም ሳይመጣ ማሳየት፣ የግግና የእንጥልን ልማድ መተው፣ እነዚህ አራቱ በእጃችን ያሉ ናቸው። ዛሬ ያለ ፍርሃት አፉን የከፈተ ልጅ ነገ ወላጅ ሲሆን ልጆቹን በራሱ ፈቃድ ይዞ ይመጣል።

በክፍል ውስጥ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው መንጋጋ ስለ ምን ችላ ይባላል? ቢነቀልስ ምን ይሆናል?
2. የዘገየ ሕመምተኛ በማደንዘዣው በሚገባ የማይጠቀመው በምን ምክንያት ነው?
3. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ልጆችን በሐኪም የሚያስፈራሩ ቃላት ይነገራሉን? በእነርሱ ፈንታ ምን ሊባል ይገባል?
4. «ንገር፣ አሳይ፣ አድርግ» የሚለውን ዘዴ በመስተዋት በጨዋታ አሳዩ።
5. የጥርስ ሕመም የያዘው ልጅ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ የሚያደርጉትን ምልክቶች ዘርዝሩ።